ቃኘውን «ጀማሪ» ያለው ሳጥን

የጨዋታው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። በደቃቅ ፊደል፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ። «ኢትዮጵያ፦ ጀማሪ ጦር፣ ሞራል 8።» ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ጨዋታ ምክንያት የተናደድኩት፣ ከሻጩ ጋር በሐሳቤ የተከራከርኩት፣ ሌሊት ተነስቼ ወረቀት ላይ ስደምር ስቀንስ ያደርኩት ሁሉ በዚህች መስመር የተነሳ ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። የእግረኛ ጦር ውጊያ ጨዋታ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር በሚሆን የፕላስቲክ ወታደሮች የሚጫወቱት። ስክሪን የለውም። ወታደሮቹን ራሳችሁ ትገጣጥማላችሁ፣ በሙጫ ታጣብቃላችሁ፣ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ከዚያ ሜትርና ዳይስ ይዛችሁ ትዋጋላችሁ። ሳጥኑን ያየሁት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰፈራችን ያለ መደብር ውስጥ ነው። ላዩ ላይ «ኮሪያ» ይላል። አያቴ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከቻቸው የቃኘው ሻለቆች በሁለተኛው ዘምተዋል፤ ፎቷቸው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። በቃ፣ እጄ ኪሴ ገባ። ሻጩን «ኢትዮጵያውያን አሉበት?» አልኩት። «የተባበሩት መንግሥታት ጦር በሙሉ አለበት» አለኝ። 130 ዶላር። ቀለሙ፣ ብሩሹና ሙጫው ሲጨመር 220 ገባ። ባለቤቴ ደረሰኙን አይታ «ለአሻንጉሊት?» ብላ ብቻ ዝም አለች። ያ ዝምታ ከጭቅጭቅ ይብሳል።

አሉበት ማለት ስማቸው አለበት ማለት ነበር ለካ። ወታደሮቹ አሜሪካኖች ናቸው። እሱ እንኳን ግድ የለም፤ ቃኘው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለነበር ልብሱም፣ ቆቡም፣ ኤም ዋን ጠመንጃውም የአሜሪካ ነው። ቀለሙ ግን! «የሥጋ ቀለም» ተብሎ የተሸጠልኝ ጠርሙስ ስከፍተው ሮዝ ነው። የማን ሥጋ? ቡናማ ገዝቼ፣ ትንሽ ቀይና ትንሽ ቢጫ ጠብ አድርጌ፣ የ24 ሰው ፊት በአንድ ፀጉር ብሩሽ ቀባሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱን ሳላስበው አያቴን አስመሰልኩት፤ ግንባሩ ሰፊ ነው። የጓድ መሪ አደረግሁት።

ኮረብታውን ከፎም ቀርጬ ሠራሁ። አፈሩ የቡና አተላ ነው። ምድጃ ውስጥ በትንሽ እሳት አድርቃችሁት በሙጫ ላይ ብትነሰንሱት የተቆፈረ መሬት ይመስላል፤ በሱቅ ከሚሸጠው የተሻለ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቤቱም ይሸታል።

እንግዲህ ወደዚያች መስመር ልመለስ። ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጓድ ሞራል የሚባል ቁጥር አለው። ጀማሪ 8፣ መደበኛ 9፣ ነባር 10። ጓዱ ሲተኮስበት የሞተም ባይኖር «ማስደፊያ» ይጨመርበታል። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፤ አንገት ያስደፋል ለማለት። ማስደፊያ ያለበት ጓድ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ ድምሩ ከሞራሉ በላይ ከሆነ ተኝቶ ይቀራል። እያንዳንዱ ማስደፊያ ደግሞ ከሞራሉ ላይ አንድ ይቀንሳል። ቀላል ይመስላል። ሁለት ዳይስ የሚወድቅባቸው መንገዶች 36 ናቸው። 8 እና ከዚያ በታች የሚመጣው በ26ቱ ነው። ሁለት ማስደፊያ ሲኖርበት 6 ያስፈልገዋል፤ ያ በ15ቱ ብቻ ነው የሚመጣው። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ሞራሉ 10 የሆነ ነባር ጓድ ሦስት ማስደፊያ ተጭኖበት ያለው ዕድል፣ አንድ ማስደፊያ ብቻ ካለበት ጀማሪ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ «ጀማሪ» ማለት ስድብ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው ሳይጀመር ያለቀ ነገር ነው።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ። ተጋጣሚዬ የእህቴ ልጅ ነው፣ 15 ዓመቱ። ሰው ስለሚበዛላቸው ቻይናዎቹን መረጠ። ዳይሱን በቡና ስኒ ነው የምንጥለው፤ ጠረጴዛውን እንዳይቧጭር። በሁለተኛው ዙር መትረየሱ ኮረብታው ላይ ያለውን ጓዴን ሁለት ማስደፊያ አሸከመው። 6 እፈልጋለሁ። ስኒውን ደፋሁ፤ 11። ቀጣዩ ዙር፤ 9። ቀጣዩ፤ 8። የአያቴ መልክ ያለው ሰውዬ ከዘጠኝ ሰው ጋር የቡና አተላው ላይ ተደፍቶ፣ ቻይናዎቹ ሽቅብ ወጡና ጨረሱት። ልጁ «አጎቴ፣ ወታደሮችህ እንቅልፍ ወሰዳቸው እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ይኸውና ሻጩ አሁን ፊት ለፊቴ ቢቆም ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ጌታው፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ ታሪክ አይደለም።» እሺ። ጨዋታ ከሆነ ታዲያ ኤም ዋን 8 ጥይት እንደሚጎርስ በሥዕል ምን አሳየኝ? የቻይናዎቹ አውቶማቲክ፣ ፔፔሻው፣ ከስንት ኢንች ጀምሮ እንደሚደክም አንድ ገጽ ሙሉ ለምን ጻፋችሁ? ለብረቱ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ለሰውየው ሲደርስ ለምን ሰነፈ? ቃኘው ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ የሄደ ጦር ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ እየተፈራረቀ ተኩስ እስከቆመበት እስከ ሐምሌ 1945 ድረስ 3,158 ሰው ተሰልፏል፤ 121 ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል። የተማረከ የለም። ዜሮ። «ጀማሪ» የሚለውን የጻፈው ሰው ይህን አላነበበም፤ አገሯ ትንሽ መስላው በግምት ሞላው። ወይም ቦታው ባዶ እንዳይሆን።

እናም ሕጉን ቀየርኩ። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልናገር። በንዴት ሁሉንም 10 አደረግኋቸው፤ በዚያ ላይ «ቃኘው የመጀመሪያውን ማስደፊያ አይቆጥርም» የሚል ጨመርኩ። አምስት ቅዳሜ ተከታትዬ አሸነፍኩ። በስድስተኛው የእህቴ ልጅ ስልኩን ያወጣል፣ ይተኛል፣ «ያንተ ተራ ነው፣ ያው ታሸንፋለህ» ይላል። በሰባተኛው አልመጣም። እውነቱን ነው፤ የማይወድቅ ጦር አብሮ ለመጫወት ይሰለቻል።

ሌላም ሞክረናል። የኤም ዋኑ ጥይት ሲያልቅ ባዶው የጥይት ማቀፊያ ቅጭል ብሎ ይወጣል ብዬ ጥይት የሚቆጠርበት ሕግ አወጣሁ፤ ለ24 ሰው ጥይት መቁጠር የሒሳብ ሹምነት ነው፣ በሁለት ጨዋታ ተውነው። የብርድ ሕግም ነበረን። እሱን አታንሱብኝ።

የተሳካልን አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከአያቴ የመጣ ነው። አያቴ ስለ ውጊያ ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ብርዱ ያወራሉ፣ ስለ ጫማው ያወራሉ። አንድ የሚደጋግሙት ነገር ቢኖር «ሰው ጥለን አልገባንም» የሚል ነበር። የሞተውንም። ሳጥኑ ውስጥ ባለው ሕግ ደግሞ የተመታ ወታደር ከጠረጴዛው ተነስቶ ሳጥን ይገባል፤ አለቀ። አንድ ማታ ስናነሳ ስንጥል አንዱን ሳላነሳው ረሳሁት። እዚያው በጎኑ ተኝቷል። አየሁት አየሁትና ሕጉ መጣልኝ።

ሞራሉን ወደ 9 መለስነው፣ እንደ ማንም። የተመታ ግን አይነሳም፤ በወደቀበት ይተኛል። ሁለት ሰው ደርሶ ሊሸከመው ይችላል፤ የተሸከሙት አይተኩሱም፣ ጓዱም በዙር 6 ኢንች መሄዱ ቀርቶ 3 ይሄዳል። ጨዋታው ሲያልቅ ውጭ የቀረ ሰው ካለ ቅኝቱ ከሽፏል፤ ሁሉም ከገባ ኮረብታው ቢያዝ እንኳ አሸንፌያለሁ። ይኸው ነው። አራት መስመር። ስሙ «ማንም አይቀርም»።

ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ሆነ። ድሮ ወደ ፊት ነበር የምናየው፤ አሁን ጭንቀቱ መመለሻው ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ተመልሶ መጣ፤ ገና በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን አሰበ። የቆሙትን መተኮስ ተወ። መትረየሱን የወደቀው ልጅ ላይ ደግኖ ዝም ብሎ ጠበቀ። እንደምመጣ ያውቃላ። ሁለት ላክሁ፣ ሁለቱም ወደቁ። አሁን የምሸከመው ሦስት ሆነ። ስኒውን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። አያቴ ስለ ጫማና ስለ ብርድ ብቻ የሚያወሩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ መሰለኝ። ልጁን «ይሄን ከየት ተማርከው?» ስለው «ሕጉ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ» አለ።

ጨለማውን ያስተካከለችው ባለቤቴ ናት። ቃኘው በብዛት የወጣው ለሌሊት ቅኝት ነው፤ እኛ ግን የቻይናዎቹን ቦታ ፍጥጥ አድርገን እያየን «ሌሊት ነው» እንላለን። ቡና እያፈላች «እናንተ እኮ ሌባና ፖሊስ መብራት አብርታችሁ ነው የምትጫወቱት» አለችን። እሷ ዳኛ ሆነች። ልጁ ቻይናዎቹ የት እንዳሉ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ለእሷ ይሰጣታል። እኔ ስንቀሳቀስ ሁለት ዳይስ ትጥላለች፤ ድምሩን በሁለት አባዝታ ያን ያህል ኢንች ብቻ ታሳየኛለች፤ በአማካይ 14። የሞርታር መብራት ካስተኮስኩ ለአንድ ዙር ሁሉም ይታያል፤ እኔም ጭምር። በኋላ ሳነብ የፕሩሺያ መኮንኖች በ1824 በፈረንጅ አቆጣጠር ይህንኑ ያደርጉ እንደነበር አገኘሁ፤ የጠላትን ቦታ ይዞ የሚዳኝ ሰው መሀል ይቀመጥ ነበር። ለሷ ስነግራት «እና እስከ ዛሬ መብራት አብርታችሁ ትጫወቱ ነበር?» አለችኝ።

ፕላስቲኩ ጥሩ ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ ይሰበራል፤ እኔ ሦስት ሰብሬያለሁ። የቀረው ደህና ነው።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ ሰው ምን እንደምለው አላውቅም፤ እንደ ቀኑ ነው። ሰኞ ብትጠይቁኝ ሳጥኑን ወስጄ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ጥዬ፣ መስመሯን በጣቴ አሳይቼው፣ ብሬን ተቀብዬ እወጣለሁ። መጽሐፉን በእውነት ይውሰደው፤ ከ80 ገጽ በላይ ሆኖ የምንጠቀምበት ስድስቱን ነው። ወታደሮቹን ግን አልመልስም። 130 ዶላር የከፈልኩት ለ24 ፕላስቲክና ለአንድ ስድብ ነው፤ ስድቡ ባይኖር ምናልባት በሁለተኛው ወር አልጋ ሥር ይገባ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ አልጨረስንም። ሰዓቱ ሄደ፣ እህቴ ልጇን ልትወስድ መጣች። አራት ሰዎቼ ምሽግ ገብተዋል። አንዱ ውጭ ነው፤ ሰፊ ግንባር ያለው። ከምሽጉ 5 ኢንች። ሁለቱ ተሸካሚዎች አጠገቡ ናቸው፤ ሁለት ማስደፊያ አለባቸው፤ 7 ወይም ከዚያ በታች ያስፈልገኛል። ጠረጴዛው የምግብ ጠረጴዛችን ስለሆነ ላነሳቸው ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ተዋቸው፤ ቅዳሜ ትጨርሱታላችሁ።» ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ትሪውን በአንድ ወገን ገፋ አድርገን እየበላን ነው።