ቁጥር 3 ሁሉ 3 አይደለም፦ የክላርኔትና የሳክስፎን ሪድ ንጽጽር

ሁለት ሳጥን ሪድ ከፊትዎ ይቀመጥ፤ ሪድ በመሣሪያው አፍ ላይ ታስሮ ሲነፉት እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጠው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ነው። አንዱ ቫንዶረን የተባለው አምራች ሰማያዊ ሳጥን፣ ሌላው የሪኮ ብርቱካናማ ሳጥን፤ በሁለቱም ላይ «3» ተጽፏል። ሁለቱ በጥንካሬ አይገናኙም። የሪኮው 3 ከቫንዶረኑ 2½ ጋር ነው የሚቀራረበው። ስለዚህ ለዓመታት ሪኮ 3 ሲነፋ የኖረ ሰው ያንኑ ቁጥር ይዞ ቫንዶረን ቢገዛ ድምፁ ታፍኖ፣ ጉንጩ ዝሎ ሪዱን ይወቅሳል። ቁጥሩ የሚናገረው ሸምበቆው ምን ያህል አልታጠፍም እንደሚል ብቻ ነው። የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ውፍረትም አይደለም። «ጎበዝ ሲኮን 4 ይነፋል» የሚለው ወግ ብዙ ተማሪዎችን ያለ ጥቅም ከንፈራቸውን አስቆስሏል።

የሚስማማዎትን ጥንካሬ የሚወስነው ማውዝፒሱ፣ ማለትም ሪዱ የሚታሰርበትና አፍ ውስጥ የሚገባው የመሣሪያው ጫፍ ነው። በማውዝፒሱ ጫፍና በሪዱ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሪዱ መለሳለስ አለበት፤ ሲጠብ ደግሞ መጠንከር ይችላል። ከያማሃ አልቶ ሳክስፎን ጋር የሚመጣው 4ሲ ማውዝፒስ ክፍተቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 2½ ወይም 3 ይመቸዋል። የጃዝ ሰዎች የሚወዱት ኦቶ ሊንክ የተባለው የቴነር ማውዝፒስ፣ «7*» የሚል ምልክት ያለው፣ ግን ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ በእሱ ላይ 3½ የሚያስር ሰው ደረቱን ይቀጣል። ማውዝፒሱን ሳያዩ «ይህን ሪድ ግዛ» የሚል ምክር ቢሰጥዎ አይቀበሉት።

ሪድ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ተክል፣ ከትልቁ ሸምበቆ ነው የሚቆረጠው። በደቡብ ፈረንሳይ የቫር አውራጃ የበቀለው ስሙ የገነነ ነው። የቫንዶረን ቤት ከ1905 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ይገኛል፤ ሪኮ ዛሬ በአሜሪካው ዳዳሪዮ እጅ ነው።

ለክላርኔት የሚገዙ ከሆነ ምርጫው በተግባር ወደ ሁለት ይጠባል። የቫንዶረኑ ሰማያዊ ሳጥን ተረከዙ፣ ማለትም የሪዱ ወፍራም የታች ጫፍ፣ 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ፈጥኖ ይናገራል፤ ድምፁ ብሩህና ቀጥተኛ ነው። ቪ12 የሚባለው የዚያው ቤት ሪድ ደግሞ ለአልቶ ሳክስፎን ሪድ ከሚሆን ወፍራም ሸምበቆ ይቆረጣል፤ ተረከዙ 3.15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ድምፁ ሞላ ያለ ነው፣ ዕድሜውም ረዘም ይላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ለጀማሪ ቪ12 ቅንጦት ነው እላለሁ። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪድ የሚጨርሰው በመንፋት ሳይሆን በጥርስ፣ በሸሚዝ ኪስና በግድግዳ ነው። ለእሱ የሪኮው ብርቱካናማ ሳጥን 2 ወይም 2½ ይበቃዋል።

በሳክስፎን በኩል ሜዳው ሰፊ ነው። የቫንዶረኑ ሰማያዊ ሳጥን ለክላሲካልና ለማርሽ ባንድ ይሆናል። ጃቫ የሚባለው የቫንዶረን አረንጓዴ ሳጥን በቁመቱ ሁሉ ይተጣጠፋል፤ ሲነፉት ይታዘዛል፣ በኤሌክትሪክ ጊታር መካከልም ይሰማል። የዚያው ቤት ቪ16 ጫፉ ከጃቫ ወፈር ስለሚል ድምፁ ሥጋ አለው። ሮያል የሚባለው የሪኮ ሰማያዊ ሳጥን ከቅርፊቱ ጠርዝ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ሰቅ ተጨማሪ የተፋቀለት ነው፤ ለስላሳ ድምፅ ሲነፉ የሚረዳው ያ ነው። አንቺ ሆዬ ላይ ድምፅ ጎትቶ ማጠፍ፣ ወይም ጌታቸው መኩሪያ በቴነር ሳክስፎኑ እንዳሰማው ዓይነት ሽለላ ለሚያምረው ሰው የእኔ ምርጫ ጃቫ ነው፤ ከለመደውም ግማሽ ቁጥር ዝቅ ቢል አይጎዳም። ጠንካራ ሪድ ድምፁን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ መቅጠን መወፈር የሚችል ነው የሚፈለገው።

ሰው ሠራሹስ? የካናዳው ሌዤር ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የሚሠራ ሪድ ነው። አንዱ ነጠላ ሪድ የአንድ ሳጥን ሸምበቆ ዋጋ ይጠጋል፤ ብዙ ገዢ የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ከአሥር የሸምበቆ ሪዶች ውስጥ ለመድረክ የሚበቁት ሦስት ወይም አራት መሆናቸውን ያየ ሰው ሒሳቡን እንደገና ይሠራዋል። ሌዤር ምራቅ አይፈልግም። ሳክስፎንና ክላርኔት እያፈራረቀ የሚጫወት ሰው ክላርኔቱን ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ሲያነሳው ሪዱ እንዳለ ይጠብቀዋል፤ ሸምበቆው ግን በዚያ ጊዜ ደርቆ ጫፉ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተወዛውዟል። ሌዤር በሩብ ቁጥር ስለሚመጣም ልኩን በትክክል ማግኘት ይቻላል። ጉድለቱ ድምፁ ላይ ነው፦ በዝግታ በሚጫወቱት ክላርኔት ላይ ጥቂት ቀለም ይጎድለዋል። በቴነር ላይ ግን፣ በተለይ ማይክሮፎን ካለ፣ ልዩነቱን አድማጭ ቀርቶ ራሱ ተጫዋቹም አንዳንዴ ይረሳዋል። ለሆቴልና ለሠርግ ሥራ አንድ ሌዤር፣ ለልምምድና ለቀረጻ አንድ ሳጥን ሸምበቆ ብዬ እመክራለሁ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የክላርኔት ተማሪ ሸምበቆውን ይያዝ።

ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ ሲያዝዙ «የሳክስፎን ሪድ» ብሎ መላክ አይበቃም፤ አልቶና ቴነር በስፋት ስለሚለያዩ የመሣሪያው ዓይነት፣ የሳጥኑ ስምና ቁጥሩ ሦስቱም ይጻፉ። ባስ ክላርኔት ያለው ሰው የቴነር ሳክስፎን ሪድ ቢመጣለት ይሠራለታል። በነጠላ ከሱቅ ሲገዙ ደግሞ ወደ ብርሃን ያንሱት፦ በመካከል የሚታየው ጥላ ግራና ቀኙ እኩል እየቀጠነ ወደ ጫፉ መውጣት አለበት። ቅርፊቱ ወርቃማ ቢጫ ይሁን፤ አረንጓዴ ያዘለ ሸምበቆ ሳይበስል የተቆረጠ ነው።

አዲሱን የሸምበቆ ሪድ በመጀመሪያው ቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በላይ አይንፉበት። ንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩት፣ በመካከለኛ ድምፅ ረጃጅም ኖታ ይንፉ፣ ከዚያ ያሳርፉት። በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ አራት ሪዶችን በተራ መጠቀም አንዱን እስኪሞት ከመንዳት ይሻላል። ሲጥ የሚል ወይም የሚከብድ ሪድ ካጋጠመ ማውዝፒሱን በከንፈርዎ ውስጥ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዘንብለው ይሞክሩት፤ አንደኛው ጎን ከከበደ በዚያ ጎን ያለውን እንጨት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ400 ቁጥር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ዳሰስ ያድርጉት። ጫፉን አይንኩ፤ የተፋቀው አይመለስም።

ከጨረሱ በኋላ ሪዱን ማውዝፒሱ ላይ እንደታሰረ አይተዉት፤ ሻጋታ ያበቅላል፣ ጀርባውም ይጎብጣል። በውኃ አለቅልቀው ከተረከዝ ወደ ጫፍ በጣት ጠርገው ጠፍጣፋ መስተዋት ወይም ፕላስቲክ ባለው መያዣ ያስቀምጡ። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ እጅግ ይደርቃል፤ በእነዚያ ወራት መያዣውን እርጥበት ከሚያመጣጥን ትንሽ ከረጢት ጋር በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ማኖር ይጠቅማል። ብዙ ተጫዋቾች በከፍታ ቦታ ሪድ ይከብዳል ይላሉ፤ ከቆላ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚወጣ ሰው ከለመደው ሩብ ወይም ግማሽ ቁጥር የቀለለ ጨምሮ ቢይዝ ያዋጣዋል። ሌዤሩን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ በቂ ነው፤ የፈላ ውኃ ግን አይንካው።