የከዚራው የአጫጭር ቴአትር ፌስቲቫል
በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ያለው የቴአትር ማኅበር የሚያዘጋጀው ይህ ፌስቲቫል፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ስምንት ቡድኖች በስኮትላንዷ ኤድንብራ ፌስቲቫል ላይ ሳይጋበዙ መጥተው የጀመሩትን መንገድ ይከተላል፤ መራጭ ኮሚቴ የለም፣ ቀድሞ የተመዘገበ ይጫወታል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ምሽት መድረክ ላይ መስማት የድሬ ወግ ነው፤ እሰየው!

መርሐ ግብሩ ግን ተጣቧል። ከአንዱ ተውኔት ወደ ሌላው ለመሸጋገር የተመደበው 15 ደቂቃ አይበቃም፤ ዕቃ ማንሳት፣ መብራት ማስተካከልና ተመልካች ማስገባት ቢያንስ 25 ይፈልጋል። ካልሆነ የመጀመሪያው መዘግየት እስከ መጨረሻው ይንከባለላል። ለሙቀቱ ማራገቢያ ሲከፈት ደግሞ የተዋናዩ ድምፅ ከኋላ ረድፍ አይደርስም። ማራገቢያውን በመሸጋገሪያው ሰዓት ብቻ ቢከፍቱት፣ በሮቹንም ክፍት ቢተዉ ይሻላል። ጄኔሬተሩን ከግንቡ ኋላ ማራቃቸው ግን ትክክል ነው። ስትሄዱ ከፊት ተቀመጡ።