ስምንት ወር ከእንጨት ደጋኔ ጋር፦ ጥፋቱ የፍላጻው ነበር

ይህን ባለ 62 ኢንች የእንጨት ደጋን የገዛሁት ባለፈው መጋቢት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም ከማይርቅ ሱቅ ነው። ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱ ሲሆኑ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ 40 ፓውንድ ይከብዳል። በእንጨቱም በእጀታውም ቅሬታ የለኝም። ለመጻፍ ያስነሳኝ አምስት ወር ሙሉ ያንገበገበኝ አንድ ችግር ነው፤ ፍላጻው ጅራቱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ሄዶ ኢላማው ላይ በሰያፍ ይሰካ ነበር።

ሻጩን ስጠይቀው «ማንኛውም ፍላጻ ይሆናል፤ ላባው ያስተካክለዋል» አለኝ። ደጋኑን ልመልሰው በካርቶን ካሸግሁት በኋላ ነው አንዱን ፍላጻ ላባውን ልጬ፣ ላባ ካላቸው ሦስቱ ጋር በ15 ሜትር ርቀት የወረወርሁት። ሦስቱ ተቀራርበው ሲያርፉ ራቁቱ በስተግራ ሁለት ስንዝር ርቆ ተሰካ። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ይህ ፍላጻው ከመጠን በላይ ግትር መሆኑን ያሳያል። ጣት አውታሩን ሲለቅ አውታሩ ወደ ጎን ፈንጠር ስለሚል ፍላጻው እየተለመጠ እጀታውን ዞሮ ማለፍ አለበት፤ ካልተለመጠ ወደ ግራ ይወጣል።

የተሸጡልኝ የካርበን ፍላጻዎች 400 የሚል ቁጥር አለባቸው። ቁጥሩ ዘንጉ 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሀሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት በሺህኛ ኢንች ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይናገራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይጠነክራል። እኔ የምስበው እስከ 27 ኢንች ብቻ በመሆኑ የማገኘው ጉልበት 38 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለዚያ ጉልበት 400 አይለመጥም። ባለ 600 ስገዛ ልዩነቱ ወደ ሦስት ጣት ወረደ።

ቀሪው የአውታሩ ጉዳይ ነበር። አዲስ አውታር እየተሳበ ስለሚረዝም ከእጀታው ያለው ርቀት ከ7.5 ኢንች ወደ 7 ወርዶ ነበር፤ የግራ ክንዴ ውስጡ እየተገረፈ የሚቀላውም በዚሁ ምክንያት ነው። አውታሩን እያወለቅሁ አምስት አምስት ዙር አከረርሁት። ርቀቱ 7.75 ሲደርስ የሚያስተጋባው ጩኸት ጠፍቶ አጭር፣ ወፍራም «ድም» ብቻ ቀረ።

ሻጮች ጀማሪ ይህን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ከማንም በላይ ለጀማሪ ያስፈልገዋል እላለሁ፤ የለመደ ሰው ስህተቱ የእጁ ይሁን የዕቃው ይለያል፣ ጀማሪ ግን ለተሳሳተ ፍላጻ ብሎ አያያዙን ያበላሻል። እኔ ወደ ቀኝ አስበልጬ ማነጣጠር ለምጄ ስለነበር ያን ልማድ ለመተው አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ደጋኑን አልመልሰውም፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እገዛለሁ። ልመልስ የወሰድሁት ስድስቱን ባለ 400 ፍላጻዎች ነበር፤ ሻጩ ግን «ተወርውረዋል» ብሎ አልቀበልም አለኝ። ሳይወረወሩ እንደማይሆኑኝ ማወቅ የሚችለው፣ የምስበውን ርዝመት ለክቶ ሊነግረኝ ይገባ የነበረው እርሱ ነበር።