«ራውንድ ኢታሊክ የአማርኛ ፎንት» ከመግዛታችሁ በፊት

አዳማ ላይ ታፔላ፣ ባነርና የመኪና ስቲከር የምትሠሩም የምታሠሩም፣ «ዘመናዊ ራውንድ ኢታሊክ፣ አማርኛና ቁቤ በአንድ ላይ» እየተባለ በፍላሽና በቴሌግራም የሚሸጠውን የፎንት ጥቅል ሳትከፍቱ ብር አትክፈሉ። በነጻ የሚገኝ ፎንት በሶፍትዌር ኢታሊክ እንዲመስል ዘንበል ተደርጎ ስሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የራውንድ ፎንት ውበቱ የጭረቱ ጫፍ ግማሽ ክብ መሆኑ ነው። ፊደሉ በደፈናው ወደ ቀኝ ሲገፋ ያ ክብ ይሾላል። «ዐ»ን 400 ነጥብ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ላይ በቀኝና ታች በግራ ወፍሮ፣ በሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ከሳሳ ፎንቱ ተገፍቷል እንጂ አልተሠራም። ባለሙያ ይህንን ፊደል በፊደል ያርማል፤ ገንዘብ የሚያስከፍለውም ይኸው ሥራ ነው።

በአማርኛው ይብሳል። ቢ እና ቤን የምትለያቸው እግር ላይ ያለችው ቀለበት ብቻ ናት። ወፍራም ራውንድ ላይ ቀለበቷ ትደፈንና «ቤት» የነበረው «ቢት» ይነበባል። ቢዝነስ ካርድ የምታሳትሙ ከሆነ በ8 ነጥብ አትማችሁ እዩት፤ ስክሪን ላይ አጉልቶ ማየት ያታልላል። ቀጥሎ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ጿ፣ ዠ፣ ጰ፣ ቨ እና ። ፤ ጻፉ፤ ባዶ ሳጥን የሚያሳይ ጥቅል ብዙ ነው። ቁቤው ላይ ደግሞ ሁዻውን፣ ማለትም በፊደላት መካከል የምትገባውን ' ምልክት ተመልከቱ።

ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፉት። ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተቀየረ ፎንቱ በዩኒኮድ፣ ማለትም ጽሑፍ በየትኛውም መሣሪያ ላይ እንዲነበብ በሚያደርገው ዓለም አቀፍ የፊደል ደንብ አልተሠራም። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ፎንት የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ስቲከር ቆራጮች፣ ኮረል ድሮው ላይ ኮንትሮልና ኪው ተጭናችሁ ጽሑፉን ወደ ከርቭ (ወደ መስመር ቅርጽ) ለውጡት፣ ከዚያ በኤፍ10 ኖዶቹን፣ ማለትም መስመሩን የሚይዙትን ነጥቦች እዩ። ለአንድ ክብ ጫፍ ሁለት ሦስት ኖድ ይበቃል። ከሥዕል ትሬስ የተደረገ (በሶፍትዌር ወደ መስመር የተገለበጠ) ፎንት ግን በኖድ የተሞላ ነው፤ የፕሎተሩ (የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ) ቢላ በየኖዱ እየተንገዳገደ ጠርዙን ጥርስ ጥርስ ያስመስለዋል፣ ቀጭን ቦታ ላይ ቪኒሉን ይቀደዋል። የተደራረቡ መስመሮችንም ዌልድ (አንድ ላይ ማዋሃድ) ካላደረጋችኋቸው ፕሎተሩ ሁለቱንም ይቆርጣል።

ፈቃዱን ለማየት ዊንዶውስ ላይ የፎንቱን ፋይል በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ግቡ። ስሙ ቢቀየርም የባለቤትነት መስመሩ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ (የግእዝ ፊደል ፎንት) ወይም ኑኒቶ (የላቲን ራውንድ ፎንት) የሚል ካያችሁ ሁለቱም በኤስአይኤል ክፍት ፈቃድ በነጻ የሚወርዱ ናቸው፤ ለንግድ ታፔላ መጠቀም ይፈቀዳል፣ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን ፈቃዱ ይከለክላል። ኑኒቶ የራሱ ኢታሊክ አለው፣ ሌላው የላቲን ራውንድ ፎንት ቫሬላ ራውንድ ግን የለውም።

ታፔላው የግድ ዘንበል ይበል ካላችሁ ቁቤውን በኑኒቶ ኢታሊክ ጻፉት፣ አማርኛውን ቀጥ አድርጋችሁ በውፍረት ወይም በቀለም አጉሉት። ሻጩን ከላይ በተጠቀሱት ፊደላት የተጻፈ ፒዲኤፍና የፈቃዱን ጽሑፍ ጠይቁት። ሁለቱን ሳይልክ ቀብድ አትስጡ።