የአባቴን ጋራዥ ኤሌክትሪክ ላስተካከለልን ባለሙያ

እጁ ይባረክ! ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው የቤታችን ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እንጨት ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ወንበርና መደርደሪያ ይሠራል። ችግሩ፣ የኤሌክትሪክ መጋዙን ባስነሳ ቁጥር የቤቱ መብራት ድርግም ይል ነበር።

ይህን ለማስተካከል ያየነው አበሳ! አንዱ መጥቶ ከወጥ ቤቱ ሶኬት ቀጭን ሽቦ ስቦ «በቃ፣ ይሠራል» ብሎን ሄደ። አልሠራም። ሌላው ደግሞ ብሬከሩ፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መቁረጫ፣ እንዳይቆርጥ በትልቅ ቀየረውና ሒሳቡን ተቀበለ። እውነትም ብሬከሩ መቁረጡን ተወ፤ በምትኩ ግድግዳው የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ። ደውለን ስንነግረው «አዲስ ብሬከር መጀመሪያ ላይ ይሸታል» አለን። ሽታው የሚመጣው ግን ከሽቦው ነበር። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ይህኛው ባለሙያ ገና እንደገባ መሣሪያውን አላወጣም። «አባባ፣ የትኞቹን ማሽኖች በአንድ ጊዜ ያስነሷቸዋል?» ብሎ ጠየቀና የእያንዳንዳቸውን ኃይል ከጀርባቸው እያነበበ ጻፈ። ከዚያ ያንን ትልቅ ብሬከር አሳየኝ። ብሬከር የሚገባው ሽቦው እንዳይግል ነው፣ ከሽቦው አቅም በላይ ከሆነ ግን ሽቦው እየተቃጠለ እንኳ አይቆርጥም አለኝ። ከዋናው ማከፋፈያ ወፍራም ገመድ ስቦ ለጋራዡ የራሱን ማከፋፈያ ሳጥን ሠራለት። በአዲሱ ሳጥን ውስጥ ኒውትራሉና የምድር ሽቦው ለየብቻ መታሰር እንዳለባቸውም አስረዳኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም።

የማልረሳው ሌላ ነው። ሳጥኑን ከመስቀሉ በፊት አባቴን ግድግዳው አጠገብ አቁሞ «እጅዎን ሳይጨነቁ ያንሱልኝ» አለው። አባቴ ትከሻውን ያመዋል። ማንም አልነገረውም፤ ሲሠራ አይቶ ነው ያወቀው። እጁ በደረሰበት ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሳጥኑን እዚያው ሰቀለ። በየብሬከሩ አጠገብም «መጋዝ»፣ «መላጊያ»፣ «መብራት» ብሎ ያለ መነጽር በሚነበብ ጽሕፈት ጽፎ ለጠፈ። ከስንቱ ጋር ስንጨቃጨቅ ከርመን እንዲህ ያለ ሰው!

አሁን ማሽኖቹ አብረው ቢነሱም ቤት ውስጥ መብራቱ ንቅንቅ አይልም። እናቴም መጋዙ በጮኸ ቁጥር ሻማ መፈለጓን ትታለች።

ኤሌክትሪክ የምታሠሩ ሁሉ እሱን ጥሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እሱን ጥሩ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ፤ ራሱ ፈቅዶልኛል። ቀጠሮው ስለሚጣበብ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፤ ሲመጣም አታጣድፉት።