ቶስካና (ጣሊያን) ውስጥ የወይራ ለቀማ፦ በ“ዉፍ” በኩል

ጣሊያንን በሆቴል መዞር ኪሴ አልቻለም። ስለዚህ በዉፍ (WWOOF) ሄድኩ፤ ፈቃደኛ ሠራተኞችን ከኦርጋኒክ እርሻዎች፣ ማለትም ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ከሚያመርቱ እርሻዎች ጋር የሚያገናኝ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ የተጀመረ ነው። አባል ትሆናላችሁ፣ ኦርጋኒክ እርሻ ትመርጣላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በቀን ለ4–6 ሰዓታት ያህል ትሠራላችሁ። ክፍያው ምግብና መኝታ ነው፤ ደሞዝ የለም።

የሄድኩት በኅዳር ነው። ከዛፉ ሥር መረብ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ በማበጠሪያ ይበጠራል፣ ፍሬው ይረግፋል። ቀላል ይመስላል፤ ማታ ግን ትከሻ አለኝ አትሉም! ፍሬው ሲቆይ ስለሚበላሽ ቶሎ ወደ መጭመቂያ ይሄዳል። አዲሱ ዘይት አረንጓዴ ነው፣ ጉሮሮ ለብለብ ያደርጋል። ረቡዕና ዓርብ ለምጾም ለእኔ ነጭ ቦሎቄ ቀቅለው ያንን ዘይት አፈሰሱበት። ዳቦው ጨው የለውም (ቶስካና እንዲህ ነው)፣ ግን ከዘይቱ ጋር ይሄዳል። የቤቱ እመቤት “ብዪ” እያሉ ማስጨነቃቸው ያው የኛ እናቶች ነው።

መኝታው ብርድ ነበር። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፤ ከ5 4 ሰጥቻለሁ። ቤቱ እንደየእርሻው ስለሚለያይ ስለ ማሞቂያና ሻወር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደግሞ ቪዛችሁን እዩ። ኒውዚላንድ ለምሳሌ ይህን እንደ ሥራ ነው የምትቆጥረው፤ በቱሪስት ቪዛ አይሆንም።