ስለ እግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅና ነፃ ፈቃድ የሰማሁት የኦዲዮ ኮርስ

እግዚአብሔር ነገ የማደርገውን ዛሬ ካወቀ ሌላ ነገር ማድረግ እችላለሁ ወይ የሚለው ጥያቄ ለሚያብሰለስላችሁ ሰዎች ይሄን ኮርስ ከልቤ እመክራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠን መልስ ማወቅ ማስገደድ አይደለም የሚል ነው፣ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም ያለፈውን ማስታወሳችን ያለፈው እንዲሆን እንዳላስገደደ ሁሉ የእግዚአብሔር ማወቅም የሚመጣውን አያስገድድም ብሏል፣ ትክክል ነው፣ ግን ኮርሱ እዛ ላይ አያበቃም፣ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበውን ክርክር አስተማሪው ሳይቸኩል ነው የሚያስረዳው። ጆንስ ቅዳሜ ሳር ያጭዳል እንበል፣ እግዚአብሔር ይሄን ከ80 ዓመት በፊት ያውቅ ነበር፣ አይሳሳትም ደግሞ፣ ታዲያ ጆንስ ሳያጭድ መቅረት ይችላል ካልን ወይ እግዚአብሔርን ሊያሳስት ወይ ያለፈውን ሊቀይር ይችላል ማለት ነው። ማንም አስገደደው አልተባለም እኮ! ጭንቁ የሚመጣው ያለፈ ነገር ስለማይቀየር ነው፣ የለመድነው መልስ ደግሞ ይሄን አይነካውም።

ምርጡ ክፍል ግን ስለ ስፔናዊው የካቶሊክ የሥነ መለኮት ሊቅ ሞሊና ያለው ነው። 1ኛ ሳሙኤል 23 ላይ ዳዊት ቅዒላ እያለ ሳኦል ይመጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ይመጣል ይባላል፣ የከተማው ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኛል ወይ ሲል አዎ ይባላል፣ ከዛ ዳዊት ወጥቶ ይሄዳል፣ ሳኦልም መምጣቱን ይተወዋል። እግዚአብሔር የነገረው የሚሆነውን ሳይሆን ዳዊት እዛው ቢቆይ ይሆን የነበረውን ነው ማለት ነው፣ ሞሊና በ1588 ባሳተመው መጽሐፉ መካከለኛ እውቀት ያለው ይሄን ዓይነቱን ነው። አስተማሪው ተቃውሞውንም አይደብቅም፣ ሰዎቹ ጭራሽ ያልመረጡትን ምርጫ እውነት የሚያደርገው ምንድነው? ሮም ውስጥ የካቶሊክ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ከ1597 እስከ 1607 ተከራክረው ጳጳሱ ለማንም ሳይፈርዱ መዝጋታቸውን ሲተርክ ደግሞ ደግሜ ነው የሰማሁት።

ቅር ያለኝ የጥንቱን ሮማዊ ፈላስፋ ቦኤቲየስን በጥድፊያ ማለፉ ነው። እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ፣ እግዚአብሔር ከጊዜ ውጪ ስለሆነ ሁሉን እንደ አሁን ያያል ብሎ የጻፈ ሰው ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባው ነበር፣ ከጊዜ ውጪ ያለ እውቀትስ እንዳለፈ ነገር የማይቀየር አይደለም ወይ የሚለው ጥያቄም አልተነሳም። ነፃ ምርጫ ገና ስላልተወሰነ የሚታወቅ ነገር የለውም የሚሉትንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያሰናበታቸው፣ እኔ ባልስማማም በደንብ ሊሰሙ ይገባ ነበር። ድምፁም አልፎ አልፎ ዝቅ ስለሚል ኢርፎን ያስፈልጋችኋል፣ የፓይክን ክፍል ሳትሰሙ ግን ወደ ሞሊና እንዳትዘሉ።